መጅሊስን ማን ይምረጠው? የአንድ ተቋምና የአንድ ጥያቄ ታሪክ

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1207/2012ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ሕዝቡ በአጭሩ መጅሊስ የሚለው ተቋም፣ በሕግ ፊት የራሱ ሰውነት ኖረው። ዜናውን የሰማ ወጣት መጅሊስ ገና መቋቋሙ ሊመስለው ይችል ነበር። መጅሊስ ግን የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። ሐጃጆችን ሲልክ፣ ቃዲዎችን ሲያጭ፣ የመስጂድና የመድረሳ ጉዳይ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲጠና የኖረው ራሱን የቻለ የማቋቋሚያ አዋጅ ሳይኖረው ነው። 44 ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ የሕዝብ ተቋም ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እወክለዋለሁ የሚለው ሕዝብ እንዲመርጠው፣ ሕግ እንዲጠብቀው፣ መንግሥት ደግሞ እንዲያውቀው። መጅሊስ እነዚህን ሦስቱን ያገኘው በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የመንግሥት እውቅና መጣ፤ ከ44 ዓመት በኋላ ሕጉ ተከተለ፤ ምእመኑ በየመስጂዱ ድምፅ የሰጠበት ምርጫ ከሁሉም ዘግይቶ ደረሰ። መቅደም የነበረበት መጨረሻ ላይ በመምጣቱ መጅሊስ ለረጅም ዘመን ሕዝቡን ወደ መንግሥት ከሚያደርስ ይልቅ መንግሥትን ወደ ሕዝቡ የሚያደርስ ተቋም ሆኖ ታየ። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በአደባባይ ሕይወት ያደረጉት ተሳትፎ ታሪክም በአብዛኛው ይህን ለማቃናት የከፈሉት ዋጋ ታሪክ ነው።

ከመጅሊስ በፊት የነበረው ሸንጎ

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ መጅሊስ ከመቋቋሙ በፊት የራሱን ጉዳይ የሚመክርበት ሸንጎ አጥቶ አያውቅም። በወሎ ሸህና ሽማግሌ በወዳጃ ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ፤ በዚያው ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ቀርቦ የመንደሩ ነገር ይነሳል። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁት አበጋሮች ናቸው። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የሚፈራውና የሚከበረው በዱዓው ኃይል ነው። አበጋር ገዳይና የሟች ዘመድ ፊት ለፊት እንዲገናኙ ያደርጋል፤ ጉማ (የደም ካሳ) ያስቆርጣል፤ ቂሙን በመሐላ ያዘጋል። ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬ ነው። በብዙ የወሎ መንደሮች ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፤ መቃብሩ ለየብቻ ይቆፈራል፤ ኀዘኑን ግን አብረው ይቀመጣሉ።

በሐረር ጀጎል ውስጥ አፎቻ ሠርግና ለቅሶን፣ የጎረቤት ግዴታንና የማኅበረሰቡን ሥነ ሥርዓት ይዞ ኖሯል። በጅማ አባ ጅፋር ዳግማዊ ለምኒልክ እየገበሩ የራሳቸውን የአስተዳደርና የፍርድ ሥርዓት ጠብቀዋል። በጃማ ንጉሥ፣ በዳናና በሌሎች የወሎ የዕውቀት ማዕከላት ደረሳዎች (ተማሪዎች) ከሩቅ አገር እየመጡ ኪታብ ይቀሩ ነበር። የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍነው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ገበሬው ለደረሳው እህል ይሰፍራል፤ ሸሁ ደግሞ ያስተምራል፣ ይዳኛል፣ ያስታርቃል።

እነዚህ ሁሉ ግን የየአካባቢያቸው ነበሩ። በቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆሞ «ሙስሊሙ እንዲህ ይላል» የሚል አንድ አካል አልነበረም። ይህ ክፍተት ያስከተለው ጉዳት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ታየ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ ውሳኔው በሕዝቡ ላይ ወረደ እንጂ ከሕዝቡ ጋር አልተመከረበትም። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እንደ ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች እምቢ ብለው ትግል መሩ፤ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር በመቀራረባቸው ተከሰው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱም ሙስሊሙ ለራሱ የሚናገርበት መድረክ አልነበረውም። ስለ እሱ ብዙ ይወራ ነበር፤ እሱን ጠርቶ የጠየቀ ግን የለም።

ቃዲና ናኢባ

ሙስሊሞች በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ በስማቸው የተጠቀሱበት የመጀመሪያው ትልቅ ተቋም ፍርድ ቤት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ለራሱ የፖለቲካ ጥቅም ሲል መስጂድ ሠራ፤ የሸሪዓ ዳኝነትንና ዐረብኛን አበረታታ። ዓላማው መከፋፈል ነበር። ነጻነት ሲመለስ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አንድ ጥያቄ ገጠመው። ያንን ሁሉ መሻር በሙስሊሙ ዘንድ ቅሬታ ይፈጥራል፤ እንዳለ መተው ደግሞ ከሕግ ውጪ ያለ ሥርዓትን ማጽናት ነው። መልሱ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች አዋጅ ሆነ። ቁጥሩ 62 ነው።

አዋጁ ሦስት ደረጃዎችን ዘረጋ። ከታች የናኢባ (የቃዲ ምክትል) ምክር ቤት፣ ከእሱ በላይ የቃዲ ምክር ቤት፣ ከሁሉም በላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ተቀመጠ። ኒካህና ፍቺ፣ ቀለብ፣ የሕፃናት ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ በእነዚህ ይታዩ ጀመር። በዚህ መንገድ ቃዲው በመንግሥት የተሾመ ዳኛ ሆነ፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴትም የውርስ ድርሻዋን የምትጠይቅበት፣ መንግሥት የሚያውቀው ቦታ አገኘች።

ይህም ሆኖ መሠረቱ ጠንካራ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ሲደነግግ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ነገር በዝምታ አለፈው። ፍርድ ቤቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ያው ሕግ በቁጥር 398 ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ። ሌሎች ሃይማኖቶች በልዩ ሕግ እንደሚተዳደሩ፣ ልዩ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ እንደ ማኅበር እንደሚቆጠሩ ደነገገ። ለሙስሊሙ ያ ልዩ ሕግ ሲጠበቅ 60 ዓመት አለፈ።

ንጉሠ ነገሥቱ «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚል መርሕ እንደነበራቸው ይነገራል። ቃሉ መልካም ነው። በተግባር ግን ሕገ መንግሥቱ አንዱን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር፤ የዒድ ቀንም በአገሩ የቀን መቁጠሪያ በዓል ሆኖ አልተመዘገበም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርኣን ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ቅዱስ መጽሐፋቸው በሚናገሩት ቋንቋ የተነበበው ያን ጊዜ ነው። ከተርጓሚዎቹ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የመጅሊስ መሥራች ሆነው ይመጣሉ።

ሚያዝያ 12

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አገሪቱ ተናወጠች። መምህሩ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ወታደሩ ሁሉ የየራሱን ጥያቄ ይዞ ወጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሙስሊሞች ሰልፍ ተሞሉ። ቁጥራቸው 100,000 ገደማ እንደነበር ይገመታል። በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ተማሪዎችና ምሁራን ከሙስሊም ወንድሞቻቸው ጎን ተሰልፈው ስለ እኩልነት ጮኹ።

ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ነበሩ። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓላት እንዲሆኑ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንዲጠናከሩ፣ በመንግሥት ሥራ አድልዎ እንዲቀር፣ ሙስሊሙ የራሱን አገር አቀፍ ምክር ቤት እንዲያቋቁም የሚጠይቁት ይገኙበታል። አንዱ ጥያቄ ስለ መጠሪያ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚለው የመንግሥት አጠራር ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ጠየቁ። በአገሩ እንግዳ ተደርጎ የተቆጠረ ሰው ባለ አገርነቱን የጠየቀበት ጥያቄ ነው።

የሰልፉን ታላቅነት የሚያሳየው ይዘቱ ነው። የበላይነት የጠየቀ የለም። የተጠየቀው መንግሥት የማንም ሃይማኖት እንዳይሆን፣ ሙስሊሙም እንደ ማንኛውም ዜጋ እንዲቆጠር ነበር። የምክር ቤቱ ጥያቄም የተነሳው ከዚህ ሰልፍ ነው። ስለዚህ የመጅሊስ ሐሳብ ከሕዝብ ወጣ፤ ድርጅቱን የፈቀደውና ቅርጹን የወሰነው ግን መንግሥት ሆነ። በኋላ የመጣው ቅራኔ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ከፈቃድ በታች

ደርግ ለሰልፉ ጥያቄ ከፊል መልስ ሰጠ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐ (ዐረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ዛሬ የዒድ ቀን ባንክ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲያርፍ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ያ ተራ ነገር በሰልፍ የተገኘ ነው። በ1968 ዓ.ም. መጅሊስ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ሆኑ።

ያ መጅሊስ የተፈቀደለት ብዙ አልነበረም። ወደ ሐጅ የሚሄደው ሰው ቁጥር ውስን ነበር፤ የሃይማኖት መጻሕፍት ከውጭ እንዳይገቡ ይከለከል ነበር፤ መስጂድ ለመሥራትም ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነበር። ሶሻሊዝምን መርሑ ያደረገ መንግሥት ሃይማኖትን በጥርጣሬ ያያል፤ ሃይማኖታዊ ተቋምን ደግሞ በቁጥጥሩ ሥር ካላደረገ አይተኛም። ስለዚህ መሪዎቹ በሁለት ወገን ተወጠሩ፤ ከላይ የሚመጣው መመሪያ፣ ከታች የሚመጣው አቤቱታ። ሕግ የሌለው ተቋም የሚቆመው በመሪዎቹ የግል ብልሃትና በባለ ሥልጣኑ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። እነዚያ መሪዎች በዚያ ጠባብ ቦታ ተቋሙን ማቆየታቸው ምስጋና ይገባዋል። የተቋሙ ልማድ ግን በዚያ ዘመን ተቀረጸ፤ መጅሊስ ወደ ላይ ማየት ለመደ።

የተከፈተው በርና የአንዋር ሐዘን

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተከፈተ። የሐጅ ገደብ ተነሳ፤ መጻሕፍት ገቡ፤ መስጂዶች ተሠሩ፤ የወጣቶችና የዑለማ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የሙስሊሙን ጉዳይ የሚጽፉ ጋዜጦችና መጽሔቶች መውጣት ጀመሩ። ለዓመታት ታፍኖ የነበረ ትውልድ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ሙስሊሞች በኅዳር 1987 ዓ.ም. እንደገና ሰልፍ ወጡ። ሃይማኖታዊ ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ ቦታ እንዲያገኙ ጠየቁ። የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን አረጋገጠ፤ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ደነገገ። ከዚህ ተነስቶ አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ደረጃ አደራጀ። ቃዲዎቹ የሚሾሙት በመጅሊስ አቅራቢነት ሆነ። የፈቃደኝነት መርሑ ጥሩ ነው፤ ማንም ሰው፣ በተለይም ሴት፣ ሳትስማማ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አትጎተትም።

የሕግ ጥያቄው ፍሬ ሲያፈራ የውክልናው ጥያቄ ግን ደም አፈሰሰ። በየካቲት 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቁ አንዋር መስጂድ በመጅሊስ አመራር ውዝግብ ሳቢያ ግጭት ተነስቶ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። እስሩ ተከተለ፤ ማኅበራት ተዳከሙ፤ አንዳንዶቹም ተዘጉ። ከዚያ በኋላ የመጣው አመራር መንግሥት የሚስማማበት ሰው ነው የሚል እምነት በብዙ ሙስሊም ልብ ውስጥ ገባ። ይህ እምነት ሥር ከሰደደ በኋላ መጅሊስ የሚሠራው መልካም ሥራ እንኳ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ምእመኑ ዘካውን በሰፈሩ ይሰጣል፤ መስጂዱን በራሱ መዋጮ ይሠራል፤ መድረሳውን ይከፍታል፤ ወደ መጅሊስ የሚሄደው ማኅተም ሲፈልግ ብቻ ሆነ።

ድምፃችን ይሰማ

በ2003 ዓ.ም. ክረምት መጅሊስና የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር በጋራ ሥልጠና ጀመሩ። አሠልጣኞቹ ከሊባኖስ የመጡ የአሕባሽ አስተምህሮ ተከታዮች ነበሩ። ብዙ ኢማሞችና ኡስታዞች ሥልጠናው አስገዳጅ ነው፣ መንግሥት አንድ አስተሳሰብ በሙስሊሙ ላይ እየጫነ ነው ብለው ተቃወሙ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአወሊያ ትምህርት ቤት የዐረብኛ መምህራን ሲባረሩ ተማሪዎቹ ተነሱ፤ በየጁምዓው ምእመናን ወደ አወሊያ ጎረፉ። እዚያው 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ።

ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ። የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ መሰጠቱ ይቁም፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር፤ የመጅሊስ መሪዎች በሕዝበ ሙስሊሙ፣ በየመስጂዱ ይመረጡ። ሦስተኛው ጥያቄ የ1966ቱን ሰልፍ ቀጥታ ይቀጥላል። አባቶቻቸው ምክር ቤት ይኑረን ብለው ነበር፤ ልጆቻቸው ምክር ቤቱን እኛ እንምረጠው አሉ።

በኢትዮጵያ የቅርብ ታሪክ «ድምፃችን ይሰማ» እንደተባለው እንደዚህ እንቅስቃሴ በሥርዓት የተመራ ሰላማዊ ተቃውሞ ማግኘት ይከብዳል። የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ጊዜ ቢጫ ካርድ ያነሳሉ፤ ሌላ ጊዜ በዝምታ ይቆማሉ፤ ከዚያ በሥርዓት ይበተናሉ። ድንጋይ ማንሳት ነውር ነበር። ከመሐላቸው ሁከት የሚፈጥር ካለ እነሱ ራሳቸው ይይዙት ነበር። ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ ነበሩ።  አንድ ማኅበረሰብ ለዓመት ተኩል በየሳምንቱ እንዲህ ሲቆም ዜግነትን እየተለማመደ ነው። መብቱን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ቁጥር እየጠቀሰ ይጠይቃል፤ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ወኪሎቹን ለድርድር ይልካል፤ ውሳኔውን ተሰብስቦ ያጸድቃል።

መልሱ ከባድ ነበር። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጅሊስ ምርጫ ተካሄደ፤ ቦታው ግን ምእመኑ የጠየቀው መስጂድ ሳይሆን ቀበሌ ሆነ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የተከሰሱ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የኮሚቴው አባላት አቡበከር አሕመድና አሕመዲን ጀበል 22 ዓመት ከተፈረደባቸው መካከል ናቸው። የመጨረሻዎቹ እስረኞች የተፈቱት በ2010 ዓ.ም. ነው። ምርጫ ይኑረን ያሉ ሰዎች በሽብርተኝነት መቀጣታቸው በአገሪቱ የፍትሕ ታሪክ ላይ የቀረ ጠባሳ ነው።

ሕጉና ድምፁ

ከ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በመጅሊስ አመራር፣ በኮሚቴው አባላትና በዑለማዎች መካከል ንግግር ተጀመረ። ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ የመዋቅርና የሕግ ሰነድ አዘጋጀ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤ የተለያየ አመለካከት ያላቸው ዑለማዎች ለዓመታት ካሳለፉት ጠብ በኋላ በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ፤ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ የሚመሩት የሽግግር አመራር ተሰየመ። ሱፊና ሰለፊ የሚል ልዩነት እስኪያስመርር ድረስ ለከፋፈለው ማኅበረሰብ ያ ቀን ትልቅ ነበር። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1207/2012 መጣ። በ1952 ዓ.ም. በፍትሐ ብሔር ሕጉ «ልዩ ሕግ እስኪወጣ» ተብሎ የተተወው ጉዳይ መልስ አገኘ።

የአመራሩ ጥያቄ ግን አልቀለለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሸህ ሐጂ ኢብራሂም ቱፋ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ሒደቱ ከጭቅጭቅ አላመለጠም። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ግን ከታች ጀምሮ እስከ ፌዴራል የሚደርስ ምርጫ ተካሄደ፤ ምእመናን በየመስጂዳቸው ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። ሴቶችና ወጣቶችም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ቅሬታ አልጠፋም፤ ቅሬታ የሌለበት ምርጫም የለም። የምርጫው ቦታ መስጂድ መሆኑ ግን የአወሊያው ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ ብዙ ሰዎችን ለእስር ከዳረገ ከ13 ዓመት በኋላ ደንብ ሆነ።

ተቋሙ የሚፈተንበት ቦታ

የመጅሊስ ጥንካሬ የሚለካው በሰላም ቀን በሚሰጠው መግለጫ አይደለም። ሦስት የቅርብ ጊዜ ፈተናዎችን እንይ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ መስጂዶች ሲቃጠሉ ሙስሊሞች በብዙ ከተሞች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ድርጊቱን በማውገዝና መልሶ ለመሥራት በተደረገው መዋጮ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። መጅሊስ ከሌሎች እምነቶች ጋር በመሠረተው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ውስጥ የሚያሰማው ድምፅ ክብደት የሚኖረው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ሲኖር ደግሞ ቀድሞ የሚናገረው መጅሊስ ሲሆን።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ መጅሊስ ለመንግሥት አቤት አለ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአንዋር መስጂድ ዙሪያ በተነሳው ተቃውሞ ሰዎች ሞቱ። ያኔ ምእመኑ የጠየቀው መሪዎቹ ከማን ጋር እንደቆሙ ነበር። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም የከተማ ፕላንና የይዞታ ጥያቄን በሰነድ፣ በጠበቃና በፍርድ ቤት ሊከራከር ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ግን የይዞታ ማስረጃዎቹ የተሟሉ፣ የሕግ ክፍሉም የተደራጀ መሆን አለበት።

ሦስተኛው በአክሱም የታየው ነው። በ2017 ዓ.ም. በከተማዋ አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተከለከሉ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሙስሊሞች ነጃሺ ፊት ቆመው ፍትሕ በጠየቁበት ምድር መሆኑ ነገሩን የበለጠ አሳዛኝ አደረገው። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላው እንዲቆም ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙን ማስፈጸም ሌላ ትግል ነበር። ነገር ግን ከ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር መንገዱ ምን ያህል እንደተለወጠ እዚህ ይታያል። ያኔ ሕዝቡ ከመታዘዝ፣ ከመሰደድና ከመሸፈት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ አሁን የሴት ልጆቹን የትምህርት መብት ይዞ ከዳኛ ፊት የሚቆም ተቋም አለው።

የቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ሙስሊሞች የአደባባይ ሕይወት የተገኘ ዘላቂ ነገር ሁሉ፣ የበዓላቱ እውቅና፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ ያገኙት ቦታ፣ የመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት፣ በመስጂድ የሚደረገው ምርጫ፣ መነሻው ሰላማዊ የሕዝብ ጥያቄ ነው። መንግሥታት የሰጡት ሕዝቡ ደጋግሞ ከጠየቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ለመጅሊስ ትልቁ አደጋ የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ መጠየቁን የተወ ዕለትም ተቋሙ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል።

ሦስት ነገሮች ጊዜ ሊሰጣቸው አይገባም። የመጀመሪያው ምርጫው በተወሰነ ጊዜ፣ ማንም ባይወደው እንኳ፣ መደገሙ ነው፤ አንድ ጊዜ የተደረገ ምርጫ ታሪክ ነው፣ በየጊዜው የሚደረግ ምርጫ ግን ሥርዓት ይሆናል። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። የሐጅ ክፍያ፣ የወቅፍ ገቢና የምእመኑ መዋጮ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ ሪፖርቱ በየመስጂዱ ሰሌዳ ይለጠፍ። የቀበሌ ነዋሪ ስለ ውኃ መዋጮው እንደሚጠይቅ ሁሉ ምእመኑም ስለ ዘካው ሊጠይቅ ይገባል። ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። በአወሊያ ግቢ ቆመው ያሸነፉት፣ በአክሱም ትምህርታቸውን የተነጠቁት፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ስለ ቀለብና ስለ ውርስ የሚከራከሩት እነሱ ናቸው። ስለ እነሱ የሚወስነው ጉባኤ ውስጥ በቁጥራቸው ልክ ካልተቀመጡ ውክልናው ጎደሎ ነው።

በወሎ መንደር ያለው አበጋር ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሕዝቡ አመኔታ ነው፤ አመኔታውን ያጣ ዕለት ማንም ለዕርቅ አይጠራውም። አገር አቀፉ ምክር ቤትም ከዚህ የተለየ መሠረት ሊኖረው አይችልም። እውቅናውን ከመንግሥት አግኝቷል፤ ሕጉን ከምክር ቤት አግኝቷል። አመኔታውን ግን በየምርጫው፣ በየሒሳብ ሪፖርቱና በየፍርድ ቤቱ ክርክር ደግሞ ደጋግሞ ማግኘት አለበት። የመረጠው ሕዝብም መሪዎቹን ካስቀመጠ በኋላ ወደ ቤቱ መግባት የለበትም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት ሰዎች የጠየቁት ምክር ቤት ሕዝቡን የሚሰማ ምክር ቤት ነበር፤ ያንን ምክር ቤት እስከ መጨረሻው መገንባት የዚህ ትውልድ ግዴታ ነው።